ክርን የእጅ አንጓ አይደለም፦ «የልጅ አጥንት ራሱ ይስተካከላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ልጆችና ታዳጊዎች የክርን ስብራት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ በብዙ ወላጆች እጅ ሲዘዋወር አይቻለሁ። ጽሑፉ ስድስት ነገሮችን ይላል፦ የልጅ አጥንት በማደግ ላይ ስለሆነ ተጣሞ ቢገጥም እንኳ ራሱን ያቃናል፤ ራጅ ላይ ስብራት ካልታየ ስብራት የለም፤ ጣቶቹ እስከተንቀሳቀሱ ድረስ ክርኑን አጥብቆ አጥፎ በማሰር እስከ ማግስቱ ቤት ውስጥ መቆየት ይቻላል፤ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሽቦ እድገትን ስለሚያቆም እጁን ያሳጥራል፤ ለትንሽ ልጅ የሚሆነው ሕክምና ለ15 ዓመት ታዳጊም ይሆናል፤ ጄሶው ሲወጣ ደግሞ ክርኑ እንዳይደርቅ በየቀኑ መታሸትና በኃይል መዘርጋት አለበት። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ልጆች ያለ በቂ ምክንያት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለባቸውም የሚለው መነሻቸው የእኔም መነሻ ነው። ነገር ግን የተሰበረ ክርን ይዘው የሚመጡ ልጆችን በማከም ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከነጥቦቹ አንዳንዶቹ ለሌላ አጥንት እውነት ሆነው ለክርን እንደማይሠሩ፣ አንዱ ደግሞ ልጅን እጅ ሊያሳጣ እንደሚችል በዝርዝር ማሳየት ይገባኛል።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። የልጅ አጥንት ራሱን ያቃናል የሚለው አባባል ለእጅ አንጓ ከሆነ ትክክል ነው። ራዲየስ የሚባለው የክንድ አጥንት ከርዝመት እድገቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው በእጅ አንጓ በኩል ካለው የእድገት ሰሌዳ፣ ማለትም አጥንት ከሚያድግበት የልም አጥንት ንጣፍ ነው። ስለዚህ የ6 ዓመት ልጅ እዚያ አካባቢ ተሰብሮ አጥንቱ ትንሽ ቢያጋድል፣ ከአንድና ሁለት ዓመት በኋላ ስብራቱ የት እንደነበረ ራጅ ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የላይኛው ክንድ አጥንት ግን ተቃራኒ ነው፤ 80 በመቶ ያህሉ እድገቱ ከትከሻ በኩል ሲመጣ በክርን በኩል የሚመጣው 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አጥንቱን የሚያቃናው እድገቱ ከሆነ፣ እድገቱ እጅግ አነስተኛ በሆነበት ጫፍ ላይ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም። በዚህ ላይ አጥንት ራሱን የሚያቃናው በአብዛኛው መጋጠሚያው በሚታጠፍበት አቅጣጫ ነው። ክርን የሚታጠፈው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በዚያ አቅጣጫ ያጋደለ ስብራት ገና ትንሽ በሆነ ልጅ ላይ በከፊል ሊቃና ይችላል። ወደ ጎን ያጋደለው ወይም የተጠማዘዘው ግን እንደተቀመጠ ይቀራል።

ይህ በተግባር የሚታየው ሱፕራኮንዳይላር በሚባለው ስብራት ላይ ነው። በልጆች ላይ ከሚደርሱት የክርን ስብራቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚበዛው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ልጁ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል፤ ክርኑ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርኑ ከፍ ብሎ ከፊትም ከኋላም የጎደጎደና መሃሉ ስስ በመሆኑ እዚያው ላይ ይሰበራል። ጋርትላንድ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ስብራት በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ ክፍፍሉ በኋላ ቢሻሻልም ዛሬም እንሠራበታለን። በመጀመሪያው ደረጃ አጥንቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። በሁለተኛው ወደ ኋላ አጋድሎ የአጥንቱ የኋላ ቅርፊት ሳይበጠስ ተያይዟል። በሦስተኛው ሁለቱ ጫፎች ሙሉ በሙሉ ተለያይተዋል። የመጀመሪያው ለሦስት ሳምንት ያህል በጄሶ ተይዞ ይድናል፤ ለዚህ ልጅ ቀዶ ሕክምና የሚያዝ ካለ ጸሐፊው መቃወማቸው ተገቢ ነው። ሦስተኛውን ግን በማደንዘዣ ወደ ቦታው መልሶ በሽቦ ሳይያዝ በጄሶ ብቻ እንዲቆይ ማድረግ ማለት፣ አጥንቱ ክንዱ ሲዘረጋ ከክርኑ በታች ወደ ሰውነት በሚያዘነብልበት አኳኋን እንዲገጥም መፍቀድ ማለት ነው። ይህ ጉድለት ለብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ግን በአንዳንዶች ላይ ከዓመታት በኋላ በክርኑ የውጭ ጎን ያለውን ጅማት እያላላ ክርኑ እንዲከዳቸው እንደሚያደርግ ይታወቃል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ በሐኪሞች መካከልም ክርክር አለ። እኔ በጎን ራጅ ላይ በላይኛው ክንድ አጥንት የፊት ጠርዝ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ፣ መስመሩ ካፒቴለም የተባለውን ክብ የአጥንት ክፍል አቋርጦ ማለፉን ወይም ጭራሹን አለመንካቱን አያለሁ። የማይነካው ከሆነ፣ ወይም አጥንቱ ወደ ጎን ካጋደለ፣ ለጄሶ ብቻ አልተወውም።

ከዚህም ይበልጥ ያሳሰበኝ ጽሑፉ ላተራል ኮንዳይል የሚባለውን፣ የላይኛው ክንድ አጥንት በክርን የውጭ ጎን በኩል ያለውን ጉብታ የሚሰብረውን ጉዳት በስም እንኳ አለማንሳቱ ነው። ይህ በልጆች የክርን ስብራት ብዛት ሁለተኛው ነው። ስንጥቁ መጋጠሚያው ውስጥ ስለሚገባ የመጋጠሚያው ፈሳሽ በስብራቱ መካከል ይገባል። ጉብታው ላይ የተጣበቁት የክንድ ጡንቻዎችም ቁራጩን ዘወትር ወደ ታች ይጎትቱታል። ስለዚህ ያለመግጠም ዕድሉ ከሌሎቹ የልጆች ስብራቶች ሁሉ ከፍ ያለ ነው። ክፍተቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች ከሆነ በጄሶ እናክመዋለን፤ ግን በየሳምንቱ ራጅ እያነሳን ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ 1 ሚሊሜትር የነበረው በሚቀጥለው ሳምንት 4 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከ2 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን በሽቦ ወይም በብሎን ይያዛል።

አንድ የ5 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ወድቆ ክርኑ ትንሽ አብጦ ነበር፤ ጄሶ ተደርጎለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣለት። በመካከሉ ግን አንድም ራጅ አልተነሳለትም። እናቱ ወደ እኔ ያመጣችው ወራት ካለፉ በኋላ ነው። «አያመውም፣ ይጫወታል፤ ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎልቷል» አለችኝ። ጣቴን በክርኑ የውጭ ጎን ላይ አሳርፌ እጁን ሳጥፍና ስዘረጋ፣ ጎልቶ የታየው ቁራጭ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ሳይሆን ለብቻው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። አጥንቱ አልገጠመም ነበር። እንዲህ ያለ ክርን ሳይታከም ከቆየ ክንዱ እያደገ ሲሄድ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በክርኑ የውስጥ ጎን የሚያልፈው አልናር ነርቭም እየተወጠረ፣ ሰውየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ይደነዝዙበታል፤ የመዳፉ ጡንቻዎችም ይሟሽሻሉ። እናትየው ምንም አላጠፋችም። ልጁ ካላመመው ድኗል ብላ ያመነችው እንደዚያ ስለተነገራት ነው።

ራጅ ላይ ካልታየ ስብራት የለም የሚለው ሁለተኛው ነጥብ፣ የትንሽ ልጅ ክርን በአብዛኛው ልም አጥንት መሆኑን ይዘነጋል። ልም አጥንት ደግሞ በራጅ አይታይም። የክርን አጥንቶች በራጅ የሚታዩት ተራ በተራ ነው፦ ካፒቴለም በ1 ዓመት፣ የራዲየስ ራስ በ3፣ የውስጥ ጎን ጉብታው በ5፣ ትሮክሊያ የተባለው የላይኛው ክንድ አጥንት የውስጥ ጎን የመጋጠሚያ ክፍል በ7፣ ኦሌክራኖን የተባለው የክርን ጫፍ በ9፣ የውጭ ጎን ጉብታው በ11 ዓመት ገደማ፤ ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ቀደም ይላሉ። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ሰው ተነቅሎ መጋጠሚያው ውስጥ የተሰነቀረውን የውስጥ ጎን ጉብታ ትሮክሊያ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሚያውቅ ሰው ግን ትሮክሊያ ታይቶ ከሱ ቀድሞ መታየት የነበረበት ጉብታ በቦታው ከሌለ የት እንደሄደ ይፈልጋል።

ስብራቱ ራሱ ባይታይም ምልክቱ ሊታይ ይችላል። ከክርኑ በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጠው የስብ ትራስ በጤነኛ ክርን የጎን ራጅ ላይ አይታይም፤ መጋጠሚያው ውስጥ ደም ሲሞላ ግን ተገፍቶ እንደ ጥቁር ጥላ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ይህ ጥላ ብቻ የታየባቸው፣ የስብራት መስመር ግን ያልታየባቸው 45 ልጆች ክትትል ሲደረግላቸው 34ቱ በእርግጥ ተሰብረው እንደነበር ታውቋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ምንም የለውም» ብለን አንሰደውም፤ ጄሶ አድርገን በሳምንቱ እንደገና እናየዋለን። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ሕፃን እጁን ተይዞ በድንገት ሲጎተት የሚደርስበት፣ የራዲየስ ራስ ከማሰሪያ ጅማቱ ሾልኮ የሚወጣበት ጉዳት ግን ስብራት አይደለም። ወደ ቦታው ሲመለስ ልጁ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እጁን ያነሳል። ጸሐፊው «ያለ ራጅ የዳነ ክርን» ብለው ያነሱት ምሳሌ ይህ ይመስለኛል፤ የወደቀና ያበጠ ክርን ከሱ ጋር አይመደብም። የራጁን ጨረር የፈሩ ወላጆች ደግሞ አንድ የክርን ራጅ የሚሰጠው መጠን ማንኛችንም ከአካባቢያችን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር እንደማይበልጥ ቢያውቁ መልካም ነው።

ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው። ጣቶቹ እስከተንቀሳቀሱ ድረስ ክርኑን አጥብቆ አጥፎ በማሰር ቤት ማደር ይቻላል የተባለው ሁለት ስሕተቶች አሉበት። በሦስተኛው ደረጃ ስብራት የአጥንቱ ስለታም ጫፍ ወደ ፊት ወጥቶ የእጅን ዋና ደም ቅዳና ነርቮች ይገፋል፤ አካባቢው በፍጥነት ያብጣል። ያበጠን ክርን ከ90 ዲግሪ በላይ አጥፎ በጠባብ ማሰሪያ መጠምጠም የተገፋውን ደም ቅዳ ይበልጥ ያጥፈዋል፤ በክንዱ ጡንቻዎች ውስጥ ያለውንም ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ደም ወደ ጡንቻው እንዳይገባ እስከማገድ ሲደርስ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ሲኮማተር የእጅ አንጓው ታጥፎ፣ ጣቶቹም እንደ ጥፍር ተቆልምመው ይቀራሉ። ሪቻርድ ቮን ቮልክማን የተባለው የጀርመን ቀዶ ሐኪም ይህን ጉዳት ከጠባብ ማሰሪያ ጋር አያይዞ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ክርንን አጥብቆ እንዲታሰር የሚመክር ጽሑፍ ማንበብ ልቤን ሰብሮታል።

ጣት መንቀሳቀሱም በቂ ማረጋገጫ አይሆንም። በዚህ ስብራት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ነርቭ የአውራ ጣትንና የሌባ ጣትን ጫፍ የሚያጥፈው የሚዲያን ነርቭ ቅርንጫፍ ነው፤ እሱ ተጎድቶም ልጁ ሌሎቹን ጣቶች ማንቀሳቀስ ይችላል፤ ቆዳውም አይደነዝዝም። ስለዚህ የ6 ዓመት ልጅን «ጣትሽን አንቀሳቅሺ» ከማለት ይልቅ የራሴን አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ ክብ ቀለበት ሠርቼ አሳያታለሁ፤ «እንዲህ አድርጊ» እላታለሁ። ነርቩ ጤነኛ ከሆነ ክብ ቀለበት ትሠራለች። ከተጎዳ ግን የጣቶቿ ጫፎች አይታጠፉም፤ ሁለቱ ጣቶች በሆዳቸው ይጣበቁና ቀለበቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ጉዳቶች በወራት ውስጥ በራሳቸው ይድናሉ። ቢሆንም ከሕክምና በፊት ታይቶ መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ ነርቩን የጎዳው መውደቁ ይሁን ሽቦው በኋላ መለየት አይቻልም።

ወላጅ በዚያች ሌሊት ማድረግ ያለበት ክርኑ በተገኘበት አኳኋን፣ ከተቻለም በትንሹ ብቻ ታጥፎ በለስላሳ ነገር ተደግፎ እንዲቆይ ማድረግ፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ምግብና መጠጥ አለመስጠትና ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እጁ ከነጣ ወይም ከቀዘቀዘ፣ የእጅ አንጓው ትርታ ከጠፋ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ሕመሙ እየባሰ ከሄደና ልጁ መረጋጋት ካቃተው ደቂቃም አይጠበቅም። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተወው ሐቅ አለ። እጁ ሞቃትና ቀላ ያለ፣ ትርታውም የሚዳሰስ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው የግድ በእኩለ ሌሊት መሠራት የለበትም፤ እስከ ጠዋት ቢቆይ ውጤቱ እንደማይበላሽ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ያ ቆይታ ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ እጁን በየሰዓቱ የሚያይ ሰው ባለበት የሚደረግ እንጂ ቤት ውስጥ በጨርቅ ተጠምጥሞ የሚታደርበት አይደለም።

ሽቦ እድገትን ያቆማል የሚለውን ስጋት ከብዙ ወላጆች እሰማለሁ፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። የምንጠቀምበት ሽቦ ግን ለስላሳ፣ ጥርስ የሌለው፣ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። የእድገት ሰሌዳውን አቋርጦ ቢያልፍም የሚቆየው ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት እድገት መቆሙ እጅግ ብርቅ ነው። ከቆዳ ውጭ ታጥፎ የቀረው ጫፍ በተመላላሽ ክፍል ያለ ማደንዘዣ በመያዣ ተስቦ ይወጣል፤ ልጆቹ ከመነቀሉ ይልቅ የጄሶ መቁረጫውን ድምፅ ነው የሚፈሩት። የሽቦ ሕክምና የራሱ አደጋ አለው፤ ጸሐፊው ያላነሱትን እኔ ልንገራቸው። ሽቦው በገባበት ቀዳዳ አልፎ አልፎ ኢንፌክሽን ይፈጠራል፤ ሽቦ በክርኑ የውስጥ ጎን ሲገባም አልናር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ሁለት ወይም ሦስት ሽቦ ሁሉንም በውጭ ጎን በኩል ማስገባትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ተጣሞ የቀረ ክርን ደግሞ በአብዛኛው አጥንቱ ሲገጥም በትክክል ባለመቀመጡ የመጣ ነው፤ ሽቦ ያልገባላቸውም ልጆች ይደርስባቸዋል።

ስለ ታዳጊዎች የተባለውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በ15 ዓመት ክርን አካባቢ ያሉት የእድገት ሰሌዳዎች ተዘግተዋል ወይም ሊዘጉ ተቃርበዋል፤ ስለዚህ ራሱን የሚያቃና እድገት ጨርሶ የለም ማለት ይቻላል። ስብራቶቹም ይለያሉ፤ መጋጠሚያውን ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ላይ የሚወጣው ስብራት እንደ ትልቅ ሰው በብረት ሰሌዳና በብሎን ይጠገናል። ከ9 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ የውስጥ ጎን ጉብታው በጅማት ተስቦ ይነቀላል፤ ግማሽ ያህሉም ከክርን ውልቃት ጋር አብሮ ይመጣል። በዚህ ስብራት ጸሐፊውና እኔ እንቀራረባለን፤ ብዙዎቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ጥሩ ውጤት ያገኛሉ፤ ስንት ሚሊሜትር ሲርቅ መጠገን እንዳለበትም ስምምነት የለም። ቁራጩ መጋጠሚያው ውስጥ ከተሰነቀረ ግን ክርክር የለም፤ መውጣት አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ ማሸትና በኃይል መዘርጋት ነው። ጄሶ ሲወጣ የልጅ ክርን ይደርቃል፤ ወላጅም ይደነግጣል። ነገር ግን የልጅ ክርን እንቅስቃሴውን የሚያገኘው በመጫወት፣ ልብሱን በመልበስና ማንኪያውን ራሱ በማንሳት ነው። በሱፕራኮንዳይላር ስብራት የተደረጉ ሙከራዎች መደበኛ ፊዚዮቴራፒ ያገኙና ያላገኙ ልጆች ከጊዜ በኋላ እኩል እንደሚሆኑ አሳይተዋል። ያበጠና ገና የሚያመውን ክርን ሌላ ሰው በኃይል ሲዘረጋው ግን ጡንቻው እንደገና ይቆስላል፤ ቁስሉ ውስጥ አጥንት ሊፈጠር ስለሚችልም ሊከላከሉት የፈለጉት መድረቅ የባሰ ሆኖ ይመጣል። ክርኑ ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴው ለመድረስ ወራት ሊወስድበት ይችላል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዲግሪዎችም ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። ታዳጊዎች ይበልጥ ስለሚደርቁ ለእነሱ በባለሙያ የሚመራ፣ ራሳቸው የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ይጠቅማቸዋል።

ጸሐፊው በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ከእኔ ጋር ባይስማሙ ክርክራችን ይቀጥላል። ሦስተኛውን ነጥብ ግን ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት፣ በምትኩም «እጁ ከነጣ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።